የሼህ ከድር ማኅተም እና የዘሃራ አሥር ክፍሎች

ጅማ፣ ሄርማታ ሰፈር፣ ከገበያው ጀርባ ወዳለው የሼህ ከድር የእንጨት ሥራ ቤት የገባሁት ማክሰኞ ጠዋት ነበር። ዕድሜዬ አሥራ ዘጠኝ ነበር፤ መጋዝ እይዛለሁ ብዬ እጄን እያሻሸሁ ደረስኩ። ሼህ ከድር መጋዙን ትተው አንድ አሮጌ የበር መቃን ግድግዳ ላይ አስደገፉና፣ «ይህ እንጨት ስንት ቤት አይቷል?» አሉኝ።

«አንድ» አልኩ በድፍረት።

«ቁጠር» ብለው ጎኑን አዞሩልኝ። የማጠፊያ መቀመጫ ሦስት ቦታ ተቆርጧል። ሁለቱ በእንጨት ቁራጭ ተደፍነው ቀለም ተቀብቶባቸዋል። የምስማር ቀዳዳዎቹም የየራሳቸው መስመር አላቸው። «ሦስት ቤት ነው። ማጠፊያው ቢዛወር ቀዳዳው አይዛወርም» አሉኝ። ያን ቀን የተማርኩት ይኸው ብቻ ነው፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ችሎት ፊት ሲያላበኝ የደረሰልኝም እሱው ነው።

ከዚያ ምስማር አቃኚ ሆንኩ። በዚያ ቤት ደረጃው ግልጽ ነበር፤ ታች ምስማር አቃኚ፣ ቀጥሎ ረዳት፣ ቀጥሎ ሁለተኛ አናጢ፣ ከሁሉም በላይ ዋናው አናጢ። ስምንት ወር ሙሉ ጠማማ ምስማር ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ቀጠቀጥኩ። ከምስማሩ ይልቅ አውራ ጣቴን ስለምመታ ሼህ ከድር ባለፉ ባገደሙ ቁጥር «እሱንም አቃናው እንጂ» ይሉኛል። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። አዲስ የተላገ ዋንዛ ሲሸተኝ ዛሬም ልቤ ይሞቃል።

ሼህ ከድር ክብ የብረት ማኅተም ነበራቸው። በጣሳ ከሰል ያግሉትና በየመቃኑ ጀርባ፣ ግድግዳው ውስጥ በሚቀበረው ፊት ላይ ያትሙታል። ከጎኑ ዓመተ ምሕረቱን በመሮ ይቀርጻሉ። ደንበኛ «በርህ ጠመመ» ብሎ ሲመጣ መቃኑ ተነቅሎ ይታያል። የእኛ ከሆነና ሁለት ክረምት ካላለፈው በነጻ እንጠግናለን። ካለፈው ደግሞ ሻይ ጋብዘን እንሸኛለን።

ሌላም ደንብ ነበራቸው። ጅማ ውስጥ አሮጌ በር አይጣልም፤ ቀረሮ ከሚባለው ጠንካራ እንጨት የተሠራ በር ከሆነማ ቤቱ ፈርሶ በሩ ሌላ ቤት ይገባል። አሮጌ መቃን አዲስ ግድግዳ ውስጥ ሲገባ እንደገና ይታተማል፤ ሁለተኛው ዓመት ከመጀመሪያው ሥር ይቀረጻል። እኔ ይህን ደንብ ሃያ ዓመት ጠብቄ አንድ ቀን ተላለፍኩት። ታሪኩ ስለዚያ ቀን ነው።

አስቀድሜ ግን ስለ ዘሃራ ልናገር። አዴ ዘሃራ፣ ወይዘሮ ዘሃራ ማለቴ ነው፣ ጊንጆ ሰፈር የምትኖር የቡና ነጋዴ ናት። በመኸር አጋሮ ትወርዳለች፣ ቀይ ቡና ከገበሬው ትገዛለች፣ አድርቃ አስፈልፍላ ጅማ ታስረክባለች። ባሏ ሱልጣን ያኔ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነበር። ጠመኔ ያልነካው ኮት አልነበረውም። አንድ የደላው መኸር ካለፈ በኋላ ዘሃራ ሥራ ቤታችን መጥታ፣ «ሼህ፣ ጓሮዬ ላይ አምስት ክፍል ሰርቪስ ሥሩልኝ» አለች።

እሳቸውም ሊፈትኗት፣ «አንድ ጥሩ ቤት ሠርተሽ ለአንድ ቤተሰብ ብታከራዪ አይሻልሽም?» አሏት።

«አይሻለኝም። ያ ቤተሰብ የወጣ ቀን ኪራዬ ሁሉ አብሮት ይወጣል። አምስት ተማሪ ሳከራይ ግን አንዱ ቢወጣ አራቱ አሉ። ቡና አንድ ዓመት ይሰጣል፣ አንድ ዓመት ይነሳል። እኔ ቡና በነሳኝ ዓመት ልጆቼን የማበላበት ነው የምፈልገው» አለች።

ሼህ ከድር ወደ እኔ ዞረው፣ «ሰማህ? ይቺን ሴት አትከራከራት» አሉኝ።

ያን ጊዜ ሁለተኛ አናጢ ሆኜ ነበር። አምስቱን ክፍሎች ከአንድ ጣሪያ ሥር ደረደርናቸው። ሼህ ከድር ለጣሪያው አናት ሳይቀጠል ከዳር እስከ ዳር የሚደርስ አንድ ወጥ ግንድ አማራቸው። ሰቶ ሰመሮ በኩል አንድ ግዙፍ ባህር ዛፍ አገኘን። ተሸክመን ስናመጣው አሥራ ሁለት ሰው ሆነን ነበር፤ መንገድ ላይ ባጃጆች ቆመው አሳለፉን። ግንዱ ልኩ ላይ ሲያርፍ ሼህ ከድር እንደ ሕፃን ሳቁ። ከላይ ሆነው «ጣሳውን አቀብለኝ» አሉኝ። የከሰሉን ጣሳ አቀበልኳቸው። ታች የተቦካው ጭቃ ሊደርቅብኝ ስለነበር ለምን እንደፈለጉት ሳልጠይቅ ወረድኩ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሼህ ከድር አረፉ። ክቡ ማኅተም ለልጆቻቸው ቀረ። እኔ ባለ አራት ማዕዘን ማኅተም አስቀጥቅጬ የራሴን ሥራ ቤት ከፈትኩ።

ሱልጣን ፖለቲካ ውስጥ የገባው ከዚያ ወዲህ ነው። መጀመሪያ የምክር ቤት አባል ሆነ፤ ቀጥሎ አንድ ጽሕፈት ቤት በኃላፊነት ሰጡት። ጠመኔው ከኮቱ ላይ ጠፋ። ሥልጣን በያዘ በሦስተኛው ዓመት ዘሃራ ጠራችኝ። ከመጀመሪያው ረድፍ ትይዩ፣ በጓሮው ታችኛ ጫፍ፣ ሌላ አምስት ክፍል እንድሠራ ፈለገች። ብሩን የሚከፍለው ሱልጣን ነው። ገንዘቡ ከየት እንደመጣ እኔ አላውቅም። እኔ የማውቀው እንጨቱ ከየት እንደመጣ ነው።

እንጨቱ የመጣው ከሄርማታ ነው። መንገድ ሲሰፋ አንድ የነጋዴ ቤት ፈረሰ። በሮቹ ቀረሮ ናቸው፣ የሼህ ከድር ሥራ፣ ክቡ ማኅተም ከነዓመቱ ጀርባቸው ላይ አለ። ዘሃራ አምስቱንም በአዲስ በር ግማሽ ዋጋ ገዛቻቸው። እኔም የጌታዬን ሥራ እንደገና ስለማቆም ደስ ብሎኝ ማጠፊያቸውን ወደ ሌላው ጎን አዛወርኩ፣ አሮጌውን መቀመጫ ደፈንኩ።

ተማሪ ሊገባ ሦስት ቀን ቀርቶ ነበር። ተማሪ የሚገባው በአንድ ሳምንት ነው፤ በዚያ ሳምንት በር የሌለው ክፍል እስከ መንፈቅ ጾሙን ያድራል። ዘሃራ ከኋላዬ ቆማ «ነስሩ፣ ቶሎ በል» ትለኛለች። ማኅተሜን ለማጋል ከሰል ማቀጣጠል ነበረብኝ። ነገ አደርገዋለሁ ብዬ መቃኖቹን ተከልኩ። በማግስቱ ሌሎች መጥተው ግድግዳውን መረጉት፤ የመቃኖቹም ጀርባ ከነአሮጌው ዓመት ውስጥ ቀረ።

በዚያው ሰሞን ዘሃራ የላይኛውን ረድፍ በሮች በብረት በር ለወጠቻቸው። ምስጥ በልቷቸው ነበር፤ ተማሪም ኮምፒውተር ይዞ ስለሚመጣ የብረት በር ያለውን ክፍል ያስቀድማል። እንዲህ ሆነና የቆየው ረድፍ አዲስ በር፣ አዲሱ ረድፍ የቆየ በር ይዘው ፊት ለፊት ተፋጠጡ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሱልጣን ተከሰሰ። ክሱ ምንጩ ያልታወቀ ሀብት ማፍራት ነው። ዐቃቤ ሕግ አሥሩም ክፍሎች በሥልጣኑ ዘመን ተሠርተዋል አለ። ፍርድ ቤቱ ግቢውን አገደ፤ ተከራዮች ኪራዩን በፍርድ ቤት በኩል እንዲያስቀምጡ ታዘዙ። ዘሃራ የግንባታ ፈቃድ የላት፣ ደረሰኝ የላት። ያኔ ጓሮ ላይ ሰርቪስ ለመሥራት ማን ፈቃድ ያወጣ ነበር? የአጋሮ ገበሬስ ለቀይ ቡና መቼ ደረሰኝ ሰጥቶ ያውቃል?

የታገደ ቤት ምን እንደሚሆን እናንተም ታውቃላችሁ። ባለቤቷ አታድሰውም፣ የእሷ ይሁን አይሁን አታውቅማ። ቆርቆሮው ያፈስሳል፣ ተከራዩ ሁለት ቀን ባልዲ ደቅኖ በሦስተኛው ይወጣል። በአንድ ክረምት ከአሥሩ ክፍል ስድስቱ ባዶ ሆኑ። ዘሃራ ሦስት ልጆች ታስተምራለች፤ የዚያን ዓመት ቡናም ነስቷት ነበር። ያስጨነቃት የባሏ ነገር ብቻ አልነበረም። በገዛ ላቧ የሠራችው የላይኛው ረድፍ ከእሱ ጋር አብሮ ሊሄድባት ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ስልኳን እንደያዘች ሥራ ቤቴ ሮጣ ገባች። ከታችኛው ረድፍ ምርጉ በዝናብ ተንዶ አንዱ መቃን ወልቋል፤ ጀርባው ላይ ክቡ ማኅተምና ዓመተ ምሕረቱ ወለል ብሎ ይታያል። ፎቶ አንስታዋለች። ሱልጣን ሥልጣን ከመያዙ ብዙ ዓመት የቀደመ ቁጥር ነው።

«ነስሩ፣ አላህ በር ከፈተልን። ጠበቃው አንተን ምስክር አድርጎ ቆጥሮሃል» አለችኝ።

«አዴ ዘሃራ፣ እነዚህን በሮች እኮ የገዛሻቸው አንቺ ነሽ። ከሄርማታ» አልኳት።

ፈገግታዋ ጠፋ። ከበርጩማው ላይ ቁጭ አለች። «መግዛቴን አውቃለሁ። የላይኛው በእኔ ቡና መሠራቱንም አውቃለሁ፤ ማን አመነኝ? እውነተኛው ረድፍ ማስረጃ የለውም። ስለዚህ ይኼኛው ይመስክርልኝ። አንተ የተጠየቅኸውን ብቻ መልስ፤ ማኅተሙ የማን ነው፣ ቁጥሩ ስንት ነው። ሁለቱም ዱጋ ነው፣ እውነት። ውሸት አላልኩህም» አለችኝ።

ወላሂ፣ እዚህ ያደረስኳት እኔ ነኝ። ያን ቀን አምስት ደቂቃ ከሰል ባቀጣጥል ኖሮ ይህ ሁሉ ፈተና አይመጣም ነበር። «ቶሌ፣ እሺ፣ እመጣለሁ» ብቻ አልኳት። ምን ብዬ እንደምመሰክር ግን አልነገርኳትም፤ እኔም አላውቀውም ነበር።

የችሎቱ ቀን አዳራሹ ጢም ብሏል። ግማሹ ጊንጆ እዚያ ነው። ሱልጣን ከፖሊስ አጠገብ ተቀምጧል፤ ከስቷል። ቁርአን ይዤ ማልኩ። ጠበቃው መቃኑን አስመጥቶ ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶታል።

«ይህ ማኅተም የማን ነው?» አለኝ።

«የጌታዬ የሼህ ከድር።»

«ዓመተ ምሕረቱን ያንብቡልን።»

አነበብኩ። ከኋላዬ ያለው ሕዝብ አጉረመረመ፤ አንድ ሰው «አልሃምዱሊላህ» ሲል ሰማሁ። ጠበቃው «ጨርሻለሁ» ብሎ ተቀመጠ። ዘሃራን ዞሬ አየኋት፤ ዓይኗን ከእኔ አልነቀለችም።

ዳኛዋ መነጽራቸውን አስተካከሉና፣ «አቶ ነስሩ፣ የሚጨምሩት አለ?» አሉኝ።

ዓይኔ መቃኑ ላይ ነው። የደፈንኩት የማጠፊያ መቀመጫ እዚያው አለ፣ ቀለሙ ለቆ የደፈንኩበት እንጨት ከመቃኑ መለየቱ ያስታውቃል። የዚያ ማክሰኞ ጥያቄ መጣብኝ።

«አለ፣ ክብርት ዳኛ። ይህ መቃን ሁለት ቤት አይቷል» አልኩ።

ሁለቱን የማጠፊያ መቀመጫዎች አሳየሁ፣ ሁለቱን የምስማር መስመሮች አሳየሁ። «ቁጥሩ የበሩ ዕድሜ ነው፤ የግድግዳው አይደለም። የታችኛውን ረድፍ የሠራሁት አቶ ሱልጣን ሥልጣን ከያዙ በኋላ ነው። ሁለተኛውን ዓመት መጻፍ የእኔ ግዴታ ነበር፤ አልጻፍኩም።» ጠበቃው እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ጣለ። ዘሃራ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። እኔ ደግሞ ቀጠልኩ፤ «የላይኛው ረድፍ ግን የእሷ ነው። እሳቸው መምህር በነበሩበት ዘመን ከሼህ ከድር ጋር ሠርተነዋል።»

ዐቃቤ ሕጉ ተነሳ። «ማስረጃው የት አለ? በሮቹ ብረት ናቸው።»

«የእንጨቱን በሮች ምስጥ በላቸው።»

«ስለዚህ የለም ማለት ነው።»

ዳኛዋ በእጃቸው አስቀመጡትና ወደ እኔ ዞሩ። «ጌታዎ ማኅተማቸውን ከበር ሌላ ምንም ላይ አያትሙም ነበር?»

«አያትሙም» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ያን ጊዜ ጣሳው ትዝ አለኝ። ከጣሪያው አናት ላይ «ጣሳውን አቀብለኝ» ያሉኝ። ግንዱ ላይ ተቀምጠው ከሰል የፈለጉት እጃቸውን ሊሞቁበት ነው እንዴ? ጮክ ብዬ መናገሬን እንኳ አላወቅኩም፤ «ግንዱ! የጣሪያውን አናት ግንድ እዩት!» ብያለሁ። ፖሊሱ ትከሻዬን ያዘኝ። ዳኛዋ ግን ቀስ ብለው እንዳስረዳ አዘዙኝ፤ ችሎቱም በቦታው ተገኝቶ እንዲያይ ቀጠሮ ሰጡ።

በቀጠሮው ቀን ጊንጆ ያለ ሰው ሁሉ ከአጥር ውጭ ነበር። መሰላሉን ራሴ አቆምኩ። «ሌላ ሰው ይውጣ» ሲሉ እንቢ አልኩ፤ ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ቢቀረኝም መሰላል ላይ ማንም አይቀድመኝም። የማዳበሪያ ከረጢት ኮርኒሱን በቢላ ቀደድኩት። አቧራና የአይጥ ጎጆ ፊቴ ላይ ወረደ። በእጄ ባትሪ ግንዱን ከዳር ጀምሬ ፈተሽኩ። የመጀመሪያው ክፍል ላይ የለም። ሁለተኛው ላይም የለም። ሦስተኛው ክፍል፣ ልክ ከመሃል፣ ጥላሸቱን በእጅጌዬ ስጠርግ ክቡ ማኅተም ብቅ አለ። ከጎኑ ዓመቱ፣ በሼህ ከድር እጅ፣ ሰባት ቁጥራቸው እንደልማዳቸው ወደ ግራ ጋደል ብሎ።

እዚያው መሰላል ላይ አለቀስኩ። አላፍርበትም።

ዐቃቤ ሕጉ ጎበዝ ሰው ነበር፤ አልለቀቀኝም። «ይህስ ሁለት ቤት አለማየቱን በምን እናውቃለን?» አለኝ። ከዚያ የተሻለ ጥያቄ በሕይወቴ ተጠይቄ አላውቅም። ራሱ መሰላል ላይ እንዲወጣ አደረግኩት፤ ኮቱን አውልቆ ወጣ። «ቁጠር፣ ጌታዬ» አልኩት። ግንዱ ከዳር እስከ ዳር አንድ መስመር ምስማር ብቻ ነው ያለው፤ አንድም ባዶ ቀዳዳ የለም። ርዝመቱም የአምስቱ ክፍል ልክ ነው፤ ያልተቀጠለ፣ ያልተቆረጠ። ሲወርድ ሸሚዙ ጠቁሯል። «አንድ ቤት ነው ያየው» አለ፤ ዳኛዋም ጻፉት።

ፍርዱ እንዲህ ሆነ። የታችኛው ረድፍ ተወረሰ። የላይኛው ከእግድ ተለቅቆ ለዘሃራ ተመለሰ። ሱልጣን እስራት ተፈረደበት። ፖሊስ ይዞት ሲያልፍ አጠገቤ ቆም አለ።

«አምስት ክፍል አፈረስክብኝ፣ ነስሩ» አለኝ።

«አምስት አቆምኩልህ» አልኩት። ፖሊሱ ይዞት ሄደ።

ዘሃራ አላነጋገረችኝም። መንገድ ላይ ስታየኝ ወደ ማዶ ትሻገራለች። ሰው ሁሉ «አበጀህ» ሲለኝ የእሷ ዝምታ ግን እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር። አልፈርድባትም፤ ሳልነግራት ነው ያን ሁሉ ያደረግኩት። ሦስት ወር እንዲህ አለፈ። ረመዳን አልቆ ኢድ በዋለ በሳምንቱ ስልኬ ጮኸ።

«ነስሩ፣ ሦስተኛው ክፍል በሩ አልዘጋ ብሏል» አለች። ሰላምታ እንኳ የለውም።

መሣሪያዬን ይዤ ሄድኩ። የላይኛው ረድፍ አምስቱም ክፍል ተከራይቷል፤ ቆርቆሮው ታድሷል፣ ገመድ ላይ የተማሪ ልብስ ተሰጥቷል። የብረት በሩ ዝጎ ከማጠፊያው ወርዶ ነበር። «ይህ አይጠገንም፣ አዴ» አልኳት።

«እንድትጠግነው አልጠራሁህም። የእንጨት በር ሥራልኝ። ቀረሮ። አዲስ ካላገኘህ አሮጌም ይሁን።» ከዚያም፣ «ማኅተምህን ግን ግድግዳው ውስጥ አትቅበረው። በውጭ በኩል አትመው፣ ሰው ሁሉ የሚያየው ቦታ ላይ» አለችኝ።

ያገኘሁት አሮጌ ቀረሮ ነበር። ግቢዋ ውስጥ ከሰል አቀጣጠልኩ፣ ማኅተሜን አጋልኩ፣ እሷ አጠገቤ ቆማ እያየች ከላይ የድሮውን ዓመት፣ ከሥሩ የዘንድሮውን ቀረጽኩ። ከዚያ ወዲህ ሁሌም የማደርገው እንደዚያ ነው።

ለእናንተ ለሙያ ልጆቼ የምለው ይህን ነው። አሮጌ እንጨት አዲስ ግድግዳ ውስጥ ስታስገቡ ሁለተኛውን ዓመት ጻፉ። ከሰሉን ማቀጣጠል አምስት ደቂቃ ይፈጃል።